ሥዕሉ፣ ማኅተሙ፣ መንገዱ፦ የሙዜ ጆታም ሙንጋ ምዋቩና የሕይወት ታሪክ

የሰው ታሪክ ከተወለደበት ቀን ይጀመራል። የሽማግሌያችን የሙዜ ጆታም ሙንጋ ምዋቩና ታሪክ ግን ከተሰደቡበት ቀን ቢጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰዳቢያቸው ዛሬ ለሥርዓተ ቀብሩ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መገኘታቸው አይቀርም። ከፊተኞቹ አግዳሚዎች በአንዱ እንደሚቀመጡም አንጠራጠርም። ኋላ ተቀምጠው አያውቁም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1987 ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቦታው ሞምባሳ፣ የኪሊንዲኒ የቴምብር ወዳጆች ማኅበር አዳራሽ። ሰዳቢው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሚስተር ዊልበርፎርስ ቺሪማ። በዚህ ጽሑፍ አንቱ የምንላቸው ለቤቱ ክብር ስንል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም።

ማኅበሩ በዚያን ጊዜ አንድ ልማድ ነበረው። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ለብ ያለ ውኃ በገንዳ ይቀርባል። አባላቱ ያጠራቀሙትን ፖስታ ቴምብሩ ያለበትን ጥግ እየቀደዱ ውኃው ላይ ያንሳፍፋሉ። ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩን በወረንጦ አንሥተው ጋዜጣ ላይ ያሰጣሉ፤ ፖስታው ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። የተማሩ ሰዎች፣ ሐኪሞችና የባንክ ሹሞች፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንደ ልብስ አጣቢ በገንዳ ዙሪያ ይቆማሉ። ይህን ዕውቀት ይሉት ነበር።

ሙዜ ጆታም በዚያ ቀን ይዘው የሄዱት አንድ ፖስታ ብቻ ነበር። የመጣው ከኢትዮጵያ፣ ከላሊበላ ነው። ቴምብሩ ላይ ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ተሥሏል። ቴምብሩ ላይ የተመታው ማኅተም የዚያው የላሊበላ ፖስታ ቤት ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ያለፈባቸው ከተሞች ማኅተም አለ። ታናሽ ወንድማቸው ቶያ አብሯቸው ሄዶ ነበር፤ እሱን «አንተ ከሾፌሮቹ ጋር ውጭ ጠብቅ» ስላሉት ሁሉንም ያየው በመስኮት ነው።

«ምን ይዘህልን መጣህ፣ ፖስተኛው?» አሉ ሚስተር ቺሪማ።

«ላሊበላን» አሉ ሙዜ ጆታም። «ስድስት ዓመት ጠብቄ ነው የደረሰልኝ።»

«ስድስት ዓመት? እየዳኸ ነው እንዴ የመጣው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሚስተር ቺሪማ ፖስታውን ከእጃቸው ተቀብለው ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ። «ፖስተኛ ቴምብር መምታት እንጂ ቴምብር ማየት ከየት ያውቃል። ስማኝ ጆታም፣ ወረቀቱ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻውን ከቴምብሩ መለየት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይችላል። ና፣ ዛሬ በነፃ እናስተምርህ።» ይህን ብለው ፖስታውን እንዳለ ገንዳው ውስጥ ጣሉት።

አድራሻው የተጻፈበት ሰማያዊ ቀለም መጀመሪያ ሄደ። ቀጥሎ የጀርባው ማኅተሞች ጠፉ። ቴምብሩ ሲለቅ ከማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ሚስተር ቺሪማ ቴምብሩን በወረንጦ ጫፍ አንጠልጥለው ሰጧቸው። «በል፣ አሁን ሰብሳቢ ሆንክ።»

ሙዜ ጆታም ቴምብሩን አልተቀበሉም። ወረቀቱን ከውኃው በሁለት እጃቸው አውጥተው በመሐረባቸው ጠቀለሉት። «ገደልከው እኮ፣ ዊልበርፎርስ» ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ስብስባቸው ፖስታው ከነሙሉ አካሉ፣ ሳይታጠብና ሳይቆረጥ፣ በዚያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በራሳቸው ስም ተሰቅሎ እንዲታይ። ቤት አልተመኙም፣ መኪና አልተመኙም። ይህን ብቻ።

አሁን ወደ ልደታቸው እንመለስ።

ሙዜ ጆታም ከአባታቸው ከአቶ ምዋቩና ሙንጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካድዞ ንያማዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ረጅሙ ዝናብ በገባበት ወር በራባይ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከኮኮናት ዛፍ ላይ ምናዚ የሚያወርዱ ነበሩ። በዚህ የሚያፍር አለ። መጠጡን ማታ ማታ ሲጨልጡ የኖሩ ሰዎች ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መጥተው «የምናዚ ቀጂ ልጅ» ይላሉ። ምናዚው ግን ከሰማይ አልወረደላቸውም፤ አንድ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢው በነበረው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1963 ለሁለተኛ ደረጃ የሚያበቃውን ፈተና ከመንደሩ ያለፉት ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ሙዜ ጆታም፣ ሌላው ዊልበርፎርስ ቺሪማ። የተገኘው ቦታ አንድ ነበር። ቦታውን የሚሰጠው ኮሚቴ ውስጥ የሚስተር ቺሪማ አባት ነበሩበት። ከዚህ በላይ አንልም። ማን በስንት እንዳለፈ የሚያሳየው ወረቀት ዛሬም ሟቹ ቤት በሣጥን ውስጥ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ከቀብር መልስ ይምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ፖስታ ቤት በፖስተኛነት ተቀጠሩ። ዘጠኝ ዓመት በሞምባሳ በብስክሌት ደብዳቤ አደሉ፣ ቀጥሎ ወደ ደብዳቤ መለያ ክፍል ገቡ፣ በመጨረሻም በራባይ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጠው ማኅተም መቱ። በ2002 በክብር ጡረታ ወጡ። በሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ደብዳቤ አልጠፋባቸውም። ሚስተር ቺሪማ በዚያው ዘመን በጉምሩክ ትልቅ ሹም ነበሩ። ስለሳቸው ሥራ ግን እዚህ አንጽፍም፤ እሳቸውም ቢጻፍላቸው የሚወዱ አይመስለንም።

በ1972 ከወይዘሮ ዳማ ካሉሜ ጋር በሕግ ተጋቡ። ወይዘሮ ዳማ ባለቤታቸው ለቴምብር ያላቸውን ፍቅር ከሠርጉ በፊት አያውቁም ነበር። ቢያውቁም እንደማይተዉአቸው፣ ነገር ግን ለወረቀቱ ማስቀመጫ የሠርጉን ሣጥን ሁለት እጥፍ አድርገው እንደሚጠይቁ ሲናገሩ ኖረዋል።

ስብስቡ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1979 አንድ ቀን በመለያ ክፍሉ ውስጥ ደብዳቤ የተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ እጃቸው ገባ። ጋዜጣው የዓለም ቅርስ ተብለው መጀመሪያ የተመዘገቡትን አሥራ ሁለት ቦታዎች ስም ይዘረዝራል። ሙዜ ጆታም ዝርዝሩን ቆርጠው ኪሳቸው ከተቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ሱቅ ሄዶ የነዚያን ቦታዎች ሥዕል የያዘ ቴምብር ይገዛ ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎች የሚያደርጉት ያንን ነው። እሳቸው ግን ፖስተኛ ስለሆኑ አንድ ነገር ያውቃሉ፦ «ለፖስታ ቤቱ ኃላፊ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ በየትኛውም አገር ይከፈታል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ ፖስታ ቤት ጻፉ። ውስጡ የራሳቸው አድራሻ ያለበት ባዶ ፖስታና የመልሱን ቴምብር ዋጋ የሚሸፍን ኩፖን አደረጉ። ደብዳቤው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጌታዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ የፖስታ ሰው ነኝ። የአገርዎ ቅርስ የተሣለበት ቴምብር ቢኖርዎ በዚህ ፖስታ ላይ ይለጥፉልኝ፤ በቦታው ማኅተም ይምቱልኝ፤ ከዚያም ይላኩት። በእጅ ሰው እንዳያመጣው፣ በፖስታ ይምጣ።» ሕጋቸው ሦስት ነገር ነበር፦ ሥዕሉ፣ ማኅተሙ፣ መንገዱ። ሥዕሉ ቦታውን ያሳያል፣ ማኅተሙ እዚያው እንደነበረ ይመሰክራል፣ መንገዱ ደግሞ ወረቀቱን ያቆሽሸዋል። አንዱ ከጎደለ ወደ ስብስቡ አይገባም።

ከሴኔጋል፣ ከጎሬ ደሴት፣ በአራት ወር መጣላቸው። ከኪቶ ሁለት ዓመት ፈጀ። ላሊበላ ስድስት ዓመት። የላሊበላው ፖስታ ውስጥ ኃላፊው አቶ አስፋቸው በትንሽ ወረቀት እንዲህ ብለው ጽፈውላቸዋል፦ «ወንድሜ ሆይ፣ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቴምብሩ አልነበረኝም፤ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ቀለሙ ስላነሰ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታሁት።» ሚስተር ቺሪማ ውኃ ውስጥ የከተቱት ይህን ነው። አንድ የማያውቃቸው ሰው ዓመታት ጠብቆ ሁለት ጊዜ የመታውን።

የታጠበውን ወረቀት ሙዜ ጆታም አድርቀው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አስቀመጡት፤ ወደ ስብስቡ ግን አልመለሱትም። ሕጉ ለሳቸውም ሕግ ነው። እንደገና ወደ ላሊበላ ጻፉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ ሠራተኛ መለሰላቸው፤ አቶ አስፋቸው ተዛውረዋል፣ ያ ቴምብርም አልቋል። በአልበማቸው ውስጥ የላሊበላ ገጽ ባዶ ነው።

ከገንዳው ሁለት ወር በኋላ፣ ሜይ 1987፣ ከማኅበሩ ደብዳቤ ደረሳቸው። ማኅበሩ አዲስ ደንብ አውጥቷል፦ የፖስታ ቤት ሠራተኛ «ከሥራው ጋር በሚነሣ ጥርጣሬ ምክንያት» አባል መሆን አይችልም። ጥርጣሬው ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ሁላችሁም ገብቷችኋል። ደብዳቤ ያልጠፋበትን ሰው ሌባ ማለት ነው። የፈረሙት ሚስተር ቺሪማ ናቸው፤ ቴምብሩን ደግሞ ጠማማ አድርገው ነው የለጠፉት።

ሙዜ ጆታም መልስ አልጻፉም። ሥራቸውን ቀጠሉ። የዓለም ቅርስ ዝርዝር በየዓመቱ ሲረዝም የሳቸውም ደብዳቤ ረዘመ። ቶያ አንዳንድ ጊዜ «ለምን አትሰድበውም? አድራሻውን እኔ እጽፍልሃለሁ» ይላቸው ነበር።

«ቴምብር አባክናለሁ» ይሉታል።

አሁን እ.ኤ.አ. 2008 ላይ ደርሰናል። በዚያ ዓመት የኛ ካያዎች፣ አባቶቻችን ይኖሩባቸውና ይጸልዩባቸው የነበሩት የተቀደሱ ደኖች፣ የራባይም ጭምር፣ በዓለም ቅርስነት ሊመዘገቡ እንደቀረቡ በሬዲዮ ተነገረ። የሚወስነው ጉባኤ ጁላይ ውስጥ በሩቅ አገር፣ በካናዳ፣ ከሳምንት በላይ ይሰበሰባል። ከስብሰባው ቀናት በየትኛው ቀን እንደሚወሰን የሚነግር አልነበረም። ሙዜ ጆታም ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጉልበታቸው ያምማል። ያደረጉት ይህ ነው፦ ጉባኤው በተቀመጠበት ቀን ሁሉ፣ ከእሑድ በቀር፣ ከቤታቸው እስከ ራባይ ፖስታ ቤት በእግራቸው እየሄዱ ለራሳቸው አንድ አንድ ደብዳቤ ላኩ። የለጠፉት ቴምብር የላሙ ከተማ ሥዕል ያለበት ነበር፤ ካያው የራሱ ቴምብር ስላልነበረው በዓለም ቅርስነት ቀድማ የተመዘገበችውን የአገሩን ልጅ አሠማሩለት።

መስኮት ላይ የነበረችው ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን አልቻለችም።

«ሙዜ፣ ዛሬስ ለማን ነው?»

«ለኔ።»

«የትላንቱስ?»

«እሱም ለኔ።»

«ራስዎን ይህን ያህል ከናፈቁ ቤትዎ ቢቀመጡ አይሻልም?»

«አጥርተሽ ምቺው ልጄ፣ ቀኑ ይነበብ። አታጣድፊው።»

ፖስታዎቹ ከራባይ ወደ ሞምባሳ ሄደው፣ ተለይተው፣ ተመልሰው መጡ። ስምንት ፖስታ። መንደሩ ሽማግሌው አበደ አለ። ለራሱ ይጽፋል፣ ለራሱ ይልካል፣ ሲደርሰው ደግሞ ደስ ይለዋል ተብሎ በየምናዚ ቤቱ ተሳቀ። የሳቁት ሰዎች ዛሬ ክንዳቸው ላይ ጥቁር አስረው ሬሳ ተሸክመዋል፤ ይሸከሙ፣ ከባድ አይደሉም።

ከስምንቱ በአንዱ ቀን ካያዎቹ ተመዘገቡ። ያ ቀን በራባይ ማኅተም የተመታበት ፖስታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አላሰበውምና። የኪሊንዲኒ ማኅበር ከሦስት ሳምንት በኋላ ነቅቶ ሁለት መቶ ያማረ ፖስታ አሳተመ፤ ማኅተሙን ያስመታው ግን ሞምባሳ ከተማ ውስጥ ነው፣ የሊቀ መንበሩ ቢሮ ስለሚቀርብ። ፖስታው ላይ ደን አሥለውበታል፣ ደኑ ውስጥ ደግሞ ዝሆን። ካያ ውስጥ ዝሆን ያየ የራባይ ሰው የለም። ሚስተር ቺሪማ የተወለዱት ራባይ ነው። አባታቸው ካያው አጠገብ ተቀብረዋል።

በ2009 ሚስተር ቺሪማ ሙዜ ጆታም ቤት መጡ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወይዘሮ ዳማ ሻይና የማሐምሪ ብስኩት አቀረቡላቸው።

«እንደ ወንድም ነው የመጣሁት» አሉ ሚስተር ቺሪማ። «ያለፈው አልፏል። ዘመኑ ተለውጧል፣ ዛሬ ዓለም የሚፈልገው ሙሉውን ፖስታ ነው። ከስምንቱ ሦስቱን ለማኅበሩ ብትለቅ፣ የራባይ ስም ይነሣል።»

ወይዘሮ ዳማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ጠየቋቸው፦ «ገንዳውን ይዘው ነው የመጡት፣ ወይስ ከኛ ቤት እናቅርብ?»

እንግዳው ሁለት ማሐምሪ በልተው ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ከ2015 ጀምሮ ሙዜ ጆታም በስኳር በሽታ፣ በኋላም በኩላሊት ሕመም ታመሙ። በሳምንት ሁለት ጊዜ በማታቱ ታክሲ ሞምባሳ እየሄዱ ደማቸውን ያሳጥቡ ነበር። መኪናው ውስጥም ፖስታ ይለዩ ነበር። እ.ኤ.አ. እሑድ ኦገስት 11 ቀን 2019 ንጋት ላይ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን ይዘውአቸው፣ ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዳማ፣ ልጆቻቸው ምቤዩ፣ ፅዕማና ካልቪን፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ታናሽ ወንድማቸው ቶያ ቀርተዋል። የስብስባቸውን ሁለት መቶ አሥራ አራት ፖስታ ለልጃቸው ለምቤዩ ተናዘዋል፤ ፖስታዎቹ አይሸጡም፣ አይለወጡም፣ ለማኅበር አይሰጡም። ማንም ለመጠየቅ አይድከም። ለቀስተኛውን ሁሉ፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣውን፣ ቤተሰቡ ያመሰግናል፤ በተለይ በቁማቸው ሳሉ የጠየቋቸውን፣ እነሱ ጥቂት ስለሆኑ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። ሚስተር ቺሪማ ትላንት ለቅሶ ቤት መጥተው «ስለ ተማሪዬ ሁለት ቃል ልበል» ብለው ጠይቀዋል። በዚህ መርሐ ግብር ላይ ስማቸው የሌለው ተረስቶ አይደለም። ምክንያቱን ሰው በየቤቱ እንደፈለገው ከሚያወራው እዚህ ቢሰማ ይሻላል።

ባለፈው ጁን ሚስተር ቺሪማ ስልክ ደወሉ። ማኅበሩ ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል፣ ዳኛ ከናይሮቢ ትመጣለች፣ ያለ ካያው ፖስታ የባሕር ጠረፉ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ሐኪሞቹ በዚያው ሰሞን ለቤተሰቡ ቀኑ አጭር መሆኑን ነግረው ነበር።

«ሙሉው ይሰቀላል?» አሉ ሙዜ ጆታም።

«ሙሉው።»

«በስሜ?»

«በስምህ ካልሆነ በማን ስም ሊሆን ነው? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ?»

ቅዳሜ ጁላይ 27 ቀን ሙዜ ጆታም ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው በቶያ ክንድ ተደግፈው ወደ አዳራሹ ገቡ። ያ ገንዳ አፈር ተሞልቶ አበባ ተተክሎበት በሩ ላይ ቆሟል። ቶያን በዚህ ጊዜ ውጭ ጠብቅ ያለው የለም። ግድግዳው ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ፖስታ ከነባዶው የላሊበላ ገጽ ተሰቅሏል። ሙዜ ጆታም ከበሩ እንደገቡ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ዳኛዋ ወይዘሮ ሊዲያ ቼሮቲች ይባላሉ፤ ከሚስተር ቺሪማ ልጆች በዕድሜ ያንሳሉ። የሌላውን ሰው ሰሌዳ እየተራመዱ አዩት። ባለ ዝሆኑ ፖስታ ዘንድ ሲደርሱ ማኅተሙን አይተው «ሞምባሳ?» ብለው አለፉ። ሙዜ ጆታም ሰሌዳ ፊት ግን ወንበር ተሳበላቸው። አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። የፖስታዎቹን ጀርባ ለማየት ጠየቁ፤ የጀርባውን ማኅተም ማየት የጠየቀ ሰው በዚያ አዳራሽ ተገኝቶ አያውቅም። ስምንቱን የራባይ ፖስታዎች ሲያዩ ሳቁ፤ የመንደሩ ሳቅ ዓይነት ግን አልነበረም።

«በየቀኑ ሄደው ላኩ?» አሏቸው።

«እሑድ ዝግ ነው» አሉ ሙዜ ጆታም።

«ይህ የወርቅ ሜዳሊያ ነው፣ ሙዜ። ናይሮቢ ይሄዳል፤ ከዚያም ውጭ አገር ሊሄድ ይችላል።» ከዚያ ከሰሌዳው ግርጌ ያለውን ካርድ ለማየት ጎንበስ አሉ። በማኅበሩ ደንብ አባል ያልሆነ ሰው ሥራ የሚቀርበው ያስተማረው አባል ስሙ አብሮ ተጽፎ ነው። ይህን ደንብ በስልክ የነገራቸው አልነበረም። ዳኛዋ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «“ጆታም ሙንጋ፣ የዊልበርፎርስ ቺሪማ ተማሪ።” ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ ማለት ነው። ሙዜ፣ ያስተማሩዎት እሳቸው ናቸው?»

«እኔ ነኝ እንጂ» አሉ ሚስተር ቺሪማ፣ እጃቸውን በሙዜ ጆታም ትከሻ ላይ አድርገው። «ቴምብር ከፖስታ መለየት ሳይችል ነው የተቀበልኩት። በዚሁ አዳራሽ። ንገራት እንጂ ጆታም፣ ማርች ሰማንያ ሰባት፣ አትረሳውም።»

ሲናገሩ ፈገግ ብለው ነበር። ያንን ቀን በእውነት እንደ ትምህርት ነው የሚያስታውሱት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማሪ ነኝ ብለው እንቅልፍ ተኝተዋል።

አባላቱ ተሰብስበው ቆሙ። ሙዜ ጆታም «አዎ» ቢሉ ወርቁ የሳቸው ነው፣ ስማቸውም ናይሮቢ ይሄዳል፣ የቺሪማ ስም እንደ ጅራት ተከትሎት። «አይደሉም» ቢሉ ደግሞ ሊቀ መንበሩ በሰው ፊት ይዋረዳሉ፤ ስለ ገንዳው ተጠይቆ ሁሉም ይሰማል። ቶያ በጆሯቸው «በለው። ዛሬ በለው። እድሜህን ሙሉ የጠበቅነው ይሄን አይደል?» አላቸው።

ሙዜ ጆታም ትከሻቸው ላይ ያለውን እጅ አንሥተው ወደ ባለቤቱ መለሱት። ሚስተር ቺሪማን አዩአቸው፤ በመለያ ክፍሉ ውስጥ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ እጃቸው ሲገባ እንደሚያዩት፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ወዴትም የማይላክ። ቀጥሎ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አዩት። ለዳኛዋ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«ሙዜ?» አሉ ዳኛዋ። «ምን ልጻፍ?»

ካርዱን ሳይፈርሙ ኮፍያቸውን አደረጉ። የቶያን ክንድ ሳይይዙ፣ በራሳቸው እግር፣ ቀስ ብለው፣ በአዳራሹ መካከል አልፈው ወጡ። እግዚአብሔር በዚያው አረማመድ ይቀበላቸው።